ባሕር ዳር በአየር ስንት ሰዓት ነው?

(ምስል፦ አያት፣ ከኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ። አውሮፕላን ያልፋል።)

ጤና ይስጥልን። ያለነው አያት ነው፤ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር። ቦሌ ብዙም ስለማይርቅ እዚህ ሰፈር ቀና ያለ ሰው አውሮፕላን አያጣም። አሁን ያለፈው ወደ ባሕር ዳር ቢሆን፣ ስንት ኪሎ ሜትር ይበራል? ስንት ሰዓትስ ይፈጅበታል?

(ምስል፦ ካርታ)

በመኪና፣ በደብረ ማርቆስ በኩል፣ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር 330 ገደማ። የቀረው የት ገባ? ብዙው መንገዱ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዞሮ ስለሚሄድ ነው። ዓባይ በረሃም አለ። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በቀጥታ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው። መኪና ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት መልሶ እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። ከተጫነ ከባድ መኪና ኋላ ሆኖ የወረደ ሰው ያውቀዋል። አውሮፕላን በሁለት ደቂቃ ያልፈዋል።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ለአገር ውስጥ በረራ የምናየው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 330ን ለ650 ስናካፍል ግማሽ ሰዓት ይመጣል። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው።

ትኬቱ የሚቆጥረው አየር ላይ ያለውን ጊዜ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ደርሶ እስኪቆም ይቆጥራል። መሬት ላይ መንዳት አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። ያ 650ም ከፍታ ከያዘ በኋላ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ደግሞ አውሮፕላን የሚነሣው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ ሆና ሳለ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ከመጣ መጀመሪያ ወደኛ አቅጣጫ ይነሣና ከዚያ ይዞራል። ስለዚህ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍላችሁ፣ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ብዙም አትሳሳቱም።

የቦሌም ከፍታ ሌላ ጉዳይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል። ባሕር ዳር ለሚሄድ ብዙም አይታወቅም። ለሩቅ ጉዞ ግን ከባድ ነው። የዋሽንግተኑ በረራ ወደኛ ሲመጣ በቀጥታ ይመጣል። ሲሄድ ግን ነዳጁን ሁሉ ጭኖ ከቦሌ መነሣት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ርቀቱ ያው ሆኖ የጉዞው ሰዓት ይረዝማል።

(ምስል፦ ትኬት፣ በቅርበት)

አንድ ነገር አደራ። ትኬቱ ላይ 07:00 ካለ፣ በኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ብሎ አንብቦ በምሳ ሰዓት ቦሌ የደረሰ ሰው በረራው አምልጦታል። ስድስት ቀንሱ። ለእናት ለአባት ትኬት ስትቆርጡ ደግሞ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉላቸው፤ ከአያት የሚነሡ ከሆነም ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ከቤት ይውጡ።