ባጃጁ ሲቀርብ የጡሩምባው ድምፅ ይቀጥናል?

(ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ዛፍ ያጠላበት ቀጥ ያለ መንገድ። ባጃጅ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ እያሰማ ከሩቅ ይመጣል፤ ካሜራውን አልፎ ይሄዳል።)

ተራኪ፦ ባጃጁ እየቀረበ ሲመጣ ድምፁ ምን ሆነ? ብዙ ሰው “እየቀጠነ መጣ” ይላል። አልቀጠነም። እየጨመረ የመጣው ጩኸቱ ነው። የድምፁ ቅጥነት የተለወጠው ባጃጁ አጠገባችን ደርሶ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ያኔም ወፈረ እንጂ አልቀጠነም።

(ምስል፦ ጠረጴዛ፣ የብረት ማስመሪያ፣ እጅ።)

1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ማስመሪያ ውሰዱ። 10 ሴንቲሜትሩን ከጠረጴዛው አስወጡና የቀረውን እስከ ጠርዙ ድረስ በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ጫፉን በትንሹ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። በሰከንድ 80 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 80 ኸርዝ የምንለው ይህን ነው። አሁን ደግሞ ጠለቅ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። ድምፁ ጎላ፤ ግን አልቀጠነም። ጫፉ ላይና ታች ሲል የሚሸፍነው ርቀት ሰፋ እንጂ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ያው ነው። ርቀቱ አምፕሊቲዩድ ይባላል፤ ጩኸት የሚመጣው ከእሱ ነው። የምልልሱ ቁጥር ድግግሞሽ ነው፤ ድምፅን ቀጭን ወይም ወፍራም የሚያደርገው እሱ ነው።

ማስመሪያውን ወደ 5 ሴንቲሜትር አሳጥሩት። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ 4 እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 320 ኸርዝ፣ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ (ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር አንድ ኦክታቭ ይባላል)። 20 ሴንቲሜትር ካደረጋችሁት ግን ወደ 20 ኸርዝ ይወርዳል። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ሲወዛወዝ ታዩታላችሁ እንጂ እምብዛም አትሰሙትም። “ጠጠጠጥ” የሚል ነገር ከሰማችሁ ማስመሪያው ጠረጴዛውን እየመታ ነው፤ እጃችሁን ወደ ጠርዙ አስጠጉ።

(ምስል፦ ባጃጁ እንደገና፣ ከሥሩ የሞገድ መስመር።)

የባጃጁ ጡሩምባ 400 ኸርዝ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 36 ኪሎሜትር ነው እንበል፤ በሰከንድ 10 ሜትር መሆኑ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት፣ 35 ዲግሪ ላይ፣ ድምፅ በሰከንድ 352 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባጃጁ የላከውን ሞገድ ራሱ ስለሚከተለው ሞገዶቹ ይጠጋጋሉ፤ ጆሯችን የሚደርሰው 412 ኸርዝ ነው። 80 ሜትር ላይም 412፣ 40 ሜትር ላይም 412። ሲያልፈን ሞገዶቹ ይራራቃሉ፤ ወደ 389 ይወርዳል። ኪቦርድ ላይ ጥቁሩም ተቆጥሮ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ እንደመውረድ ነው። መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ይህ ሁሉ የሚያልቀው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው።

ጩኸቱ የሚሄድበት ስሌት ሌላ ነው። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር አምፕሊቲዩዱ እጥፍ ይሆናል፤ በጩኸት መለኪያው፣ በዴሲቤል፣ 6 ጨመረ ማለት ነው። ከ80 ወደ 10 ሜትር ሲቀርብ 18 ዴሲቤል። ይህ ለገላጣ ሜዳ ነው፤ ግንብ በበዛበት መንገድ ተመላሽ ድምፅ ስለሚደረብ ጭማሪው ያንሳል። በስልክ ቀድታችሁ የምታረጋግጡ ከሆነ ድግግሞሹን እመኑት፣ ዴሲቤሉን ተጠራጠሩት። ብዙ ስልክ ድምፅ ሲበረታ በራሱ ይቀንሰዋል።

(ምስል፦ የሠርግ ድንኳን፣ ሚክሰር፣ ቀይ መብራት።)

ሞንታርቦው ሲጨመር “ድምፁ ቀጠነ፣ ጆሮ በሳ” የሚባለውስ? አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ። ከመቆረጡ የተነሳ መጀመሪያ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጠራሉ፤ ዘፋኙ ያወጣው ኖታ ግን ንቅንቅ አላለም። ትሬብል፣ ማለትም ቀጫጭኑን ድምፅ፣ መቀነስ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም፤ ትንሿ ስፒከር የምትቃጠለውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። ቀይ መብራቱ ብልጭ ማለቱን እስኪተው ጌይኑን፣ ማለትም ሚክሰሩ ላይ ድምፁን የሚያጎላውን ቁልፍ፣ ዝቅ አድርጉ። ድምፁ አነሰ ካሉ ስፒከሩን ወደ እድምተኛው አስጠጉ።