ማጥፊያውን አትመኑ፦ የአምፖል ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በስልክ የገቡት ጥያቄዎች ብዙ ስለነበሩ በአየር ላይ ሰዓቱ አልበቃንም። የቀሩትን እዚህ መለስኳቸው። አንዳንዶቹን በየሳምንቱ ስለምሰማቸው ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «25,000 ሰዓት» የሚል ኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ። ስድስት ወር ሳይሞላው ሞተ። ተሸወድኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አምፖሉ ያለው ዙሪያውን በመስታወት በተደፈነ ግሎብ ውስጥ ነው? እንደዚያ ከሆነ ገዳዩ እዚያ ነው ያለው። 25,000 ሰዓት በቀን አምስት ሰዓት ለሚያበራ ሰው ከ13 ዓመት በላይ ማለት ነው። ቁጥሩ ግን አምፖሉ በደንብ አየር ሲያገኝ ነው። ኤልኢዲው ራሱ ቶሎ አይሞትም። ቀድሞ የሚሞተው ከሥሩ፣ ነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ነው። እሱ ሙቀት አይችልም። ለተዘጋ ቦታ እንደሚሆን የተጻፈበትን ይግዙ፣ ወይም ግሎቡን ክፍት በሆነ ይቀይሩት። እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት አምፖል ከተቃጠለ ደግሞ ጥፋቱ የአምፖሉ ላይሆን ስለሚችል መስመሩን ያስፈትሹ። ሲቀይሩም ከብሬከር፣ ማለትም የመስመሩን ኤሌክትሪክ ከሚቆርጠው ዋና ማጥፊያ አጥፍተው ነው፤ ከግድግዳው ማጥፊያ አይደለም።

ጥያቄ፦ በ60 ዋቱ የድሮ አምፖል ቦታ ስንት ዋት ኤልኢዲ ልግዛ?

መልስ፦ 8 ወይም 9 ዋት። ዋቱን ተዪውና ሉመኑን (የብርሃኑን መጠን) እዪ፤ 800 አካባቢ ከሆነ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ፋብሪካዎች አምፖል ቶሎ እንዲቃጠል አድርገው ነው የሚሠሩት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የዛሬዎቹን በስማ በለው አልከስም። የድሮዎቹ ግን አድርገውታል። በ1924 ትልልቆቹ አምራቾች ጄኔቭ ላይ ተሰብስበው ፌቡስ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። የአንድ አምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ በላይ የሚቆይ አምፖል የሠራ ይቀጣ ነበር! እኔ ይህን ስሰማ ለሳምንት ያህል ተናድጄ ነበር።

ጥያቄ፦ ሳሎን ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አምፖሉን ፈትቼ መሀል ላይ ያለችውን ብረት በቢላ ጫፍ ቀና ሳደርጋት ለአንድ ወር ይሠራል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ማጥፊያውን አጥፍቼ ነው የምሠራው። ዘላቂ መፍትሔ የለውም?

መልስ፦ በቢላ! ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በልና እናውራ።

ከብረቷ ልጀምር። መሀል ላይ ያለችው ምላስ የምትመስል ብረት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው ሽቦ) የሚመጣባት ናት። አምፖሉን ጨክነን ስናጠብቀው ትደፈጠጣለች። ከዚያ የአምፖሉን ቂጥ በደንብ አትነካውም። በመሀል ጸጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች፤ እዚያ ክፍተት ላይ ብልጭታ ይነሳል። ብልጭታው ብረቷን ያጠቁራታል፤ የጠቆረች ብረት ደግሞ የባሰ ትግላለች። ቀና ስታደርጋት ምልክቱን ነው ያስታገስከው። የጠቆረ የአምፖል መያዣ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ዘላቂው መፍትሔ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማጥፊያው። ማጥፊያ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው የሚቆርጠው። በትክክል በተዘረጋ ቤት የሚቆርጠው ፌዙን ነው። ግን ኒውትራሉን፣ ማለትም መመለሻውን ሽቦ የሚቆርጥ ማጥፊያ ስንት ቤት ከፍቼ አይቻለሁ! አምፖሉ ይጠፋል። ፌዙ ግን መያዣው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። መብራቱ ስለጠፋ መስመሩ የሞተ ይመስልሃል። ደረጃ ላይ እንዳለው ከላይም ከታችም የሚበራ ከሆነ ደግሞ አንተ ወንበር ላይ ቆመህ ሳለ ሌላ ሰው ከታች ጫን ሊያደርገው ይችላል።

ተለማማጅ ሳለሁ አለቃዬ «ማጥፊያው ጠፍቷል፣ ግባበት» አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ካቻቢቴዬን ሰደድኩ። የነዘረኝ ለቅጽበት ነው። ክንዴን የሰበረው ግን ንዝረቱ ሳይሆን ወለሉ ነው። ዛሬም ሲበርድ ያመኛል።

ስለ ቁጥሩም ልንገርህ። በ230 ቮልት አንድ 60 ዋት አምፖል ከ250 ሚሊአምፕ በላይ ይስባል። ሰውን ከንዝረት እንዲያድን ተብሎ የሚገጠመው መከላከያ በብዛት 30 ሚሊአምፕ እንኳ ሳይፈስ እንዲቆርጥ ነው የሚሠራው። ልዩነቱን አንተው ገምት። «አምፖል ናት፣ ምን ታመጣለች» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ነው የምነግረው።

ስለዚህ ብሬከሩን አጥፋ። የቤቱ ሰው እንዳይነካው ንገር። ቴስተርህን (ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚበራውን መሞከሪያ) መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክረው፣ ከዚያ መያዣው ላይ። የማይበራ ቴስተር የተበላሸ ቴስተርም ሊሆን ይችላላ! አምፖሉ እስኪበርድ ጠብቅ። መሰላል ተጠቀም፤ ጠረጴዛ ላይ ወንበር መደረብ ይቅር። መያዣውን ለመቀየር ሽቦ መፍታት ስላለበት እሱን ለኤሌክትሪሺያን ተወው። ቢላዋንም ወደ ኩሽና መልሳት።

ጥያቄ፦ ኤልኢዲው ካጠፋሁት በኋላም ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ልጆቼ ፈርተዋል።

መልስ፦ ሰይጣን የለበትም፣ ያረጋጓቸው። ማጥፊያው ላይ በጨለማ የምትታይ ትንሽ መብራት ካለች በሷ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ለኤልኢዲ ያችው ትበቃዋለች። ትንሿ መብራት ከሌለች ግን ማጥፊያው ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ቅድም የጮኽኩበት ነገር እኮ ነው! ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ አምፖሉ ሲፈታ ተሰበረ፣ ቆርቆሮው መያዣው ውስጥ ቀረ። ድንች ሰክቶ ማዞር ይቻላል ያለኝ ሰው አለ።

መልስ፦ ድንች ውሃ ነው። ውሃና ፌዝ ምን እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ። ብሬከር አጥፊ፣ በቴስተር አረጋግጪ፣ መነጽርና ጓንት አድርጊ። ከዚያ በቀጭን አፍ ፒንሳ የቆርቆሮውን ጠርዝ ይዘሽ ወደ ግራ አዙሪ። እምቢ ካለ አትታገዪው፤ ባለሙያ ጥሪ።

ጥያቄ፦ ጥምዝምዟ ቆጣቢ አምፖል ወለል ላይ ተሰበረች። መርዝ አለባት ይላሉ።

መልስ፦ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለባት። መስኮት ይክፈቱ፣ ሰውም እንስሳም ከክፍሉ ያውጡና ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ከዚያ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት አፍሰው፣ ብናኙን በሚጣበቅ ፕላስተር አንስተው ክዳን ባለው ዕቃ ይዝጉበት። መጥረጊያም ሆነ በኤሌክትሪክ የሚስብ ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ብናኙን በየቦታው ይበትኑታል።

ጥያቄ፦ ፍሎረሰንቱ እየተርገበገበ ቶሎ አይበራም።

መልስ፦ መጀመሪያ ስታርተሩን (ቱቦውን የሚያስነሳውን ትንሽ ክፍል) ቀይር። ጫፎቹ ከጠቆሩ ቱቦው አርጅቷል። ሁለቱም ተቀይረው እምቢ ካለ ባላስቱ (ወደ ቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ክፍል) ነው፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው። ስታርተር ለመቀየርም ቢሆን ከብሬከር። አዎ፣ ደገምኩት።

ጥያቄ፦ ዲመር (ብርሃን ማደብዘዣ) ላይ የገጠምኩት ኤልኢዲ ዝዝዝ ይላል።

መልስ፦ ለዲመር የሚሆን ኤልኢዲ ላይሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ጥያቄ፦ የመኝታ ቤቱ መብራት ሲበራ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ማጥፊያውም ይግላል። እስከ ወር መጨረሻ ብንጠቀምበት ችግር አለው?

መልስ፦ ይህን እያነበቡ ከሆነ ስልኩን ያስቀምጡና ብሬከሩን ያጥፉ። ዛሬ ማታ በሻማም ሆነ በባትሪ ይደሩ። ነገ ጠዋት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።