በዙር መካከል ያለችው ደቂቃ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ቦክስ ስናይ ደወል ሲደወል ዓይናችንን ከስክሪኑ እናነሳለን። እኔ ግን ያቺን የዕረፍት ደቂቃ ነው የምጠብቀው።

ማኒላን እንውሰድ። ኦክቶበር 1 ቀን 1975፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 1968። መሐመድ አሊ የዓለም ከባድ ሚዛን ቀበቶውን ከጆ ፍሬዘር ለመከላከል አራኔታ ኮሊሲየም ገባ። ለአሜሪካ የማታ ስርጭት እንዲመች ግጥሚያው ረፋድ ላይ ተደረገ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ማቀዝቀዣው ሙቀቱን አልቻለውም።

የፍሬዘር አሰልጣኝ ኤዲ ፈች ሥራውን የጀመረው ከደወሉ በፊት ነው። በእ.ኤ.አ. 1974ቱ የሁለቱ ግጥሚያ አሊ የፍሬዘርን ማጅራት ይዞ ወደ ታች ይጫን ነበር። ፍሬዘር ደግሞ ተጠግቶ የሚመታ ሰው ነው፤ አንገቱ ከተያዘ ያ ግራ ሁኩ፣ ክርን ታጥፎ ከጎን የሚወረወረው ምት፣ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ስለዚህ ፈች ይህን መያዝ ዝም ብሎ የማያሳልፍ ዳኛ ፈልጎ፣ ፊሊፒናዊ ይሁን ብሎ ተሟገተ፤ ካርሎስ ፓዲላ ተመደበ።

ወደ ደቂቃዋ ልመለስ። ስድሳ ሴኮንድ ትባል እንጂ ስድሳ አትሞላም። ቡጢኛው መጥቶ እስኪቀመጥ ጥቂቱ ይሄዳል፣ 10 ሴኮንድ ሲቀር ረዳቶች ውጡ ይባላል። በቀረችው፣ ደም ካለ መጀመሪያ በንጹሕ ፎጣ ይደረቃል፤ ሳይደርቅ መድኃኒት ከተደረገ ደሙ ጠራርጎት ይወርዳል። ከዚያ 1 ለ1000 አድሬናሊን የነካ ጥጥ ቁስሉ ላይ ተጭኖ ይያዛል። ቫዝሊን መጨረሻ ነው። እብጠት ከሆነ በበረዶ የቀዘቀዘች ትንሽ ብረት አለች። ብረቷ ቀጥ ተደርጋ ትጫናለች እንጂ እንደ ካውያ ወደ ጎን አትገፋም፤ ከገፏት ከቆዳ ሥር የተጠራቀመው ደም ይሰራጫል፣ እብጠቱም ይሰፋል።

ፍሬዘርን ግን ብረት የሚያድነው አልሆነም። ግራ ዓይኑ ድሮም ሞራ ነበረበት፤ ፊቱ ሲያብጥ የአሊ ቀኝ እጅ ከየት እንደሚመጣ ማየት አቃተው። በ13ኛው ዙር የጥርስ መከላከያው ከአፉ ተወርውሮ ወጣ። ከ14ኛው በኋላ፣ እሱ እምቢ እያለ፣ ፈች በቃ አለ። የቀረው አንድ ዙር ነው። በሦስቱም የነጥብ ካርዶች አሊ ይመራ ስለነበር ፍሬዘር የሚያሸንፈው በዝረራ ብቻ ነው፤ ያውም የማያየውን ሰው ዘርሮ! ለእኔ የዚያን ቀን ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው።

ማሟሟቂያውን፣ ከዋናው ግጥሚያ በፊት የሚደረጉትን ግጥሚያዎች፣ እንዳልረሳው። የማሟሟቂያ ቡጢኛ ጠላቱ ሰዓት ነው፦ ከፊቱ ያለው ግጥሚያ ቶሎ ካለቀ ሰውነቱ ሳይፍታታ ይጠራል፣ ከተራዘመ ላቡ ደርቆ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቀን የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ የነበረው ላሪ ሆምስ ሮድኒ ቦቢክን በ6ኛው ዙር አስቆመው። ማን ልብ አለው?

ኦክቶበር 2 ቀን 1980፣ ላስ ቬጋስ። አሁን ቀበቶው የሆምስ ነው፤ ለመንጠቅ የመጣው አሊ። 10ኛው ዙር አልቆ አሊ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ለዳኛው በቃ ብሏል። ረዳቱ ቡንዲኒ ብራውን የዳንዲን ልብስ ጨምድዶ ይዞ፣ አንድ ዙር ብቻ እያለ ይጎትተዋል። ዳንዲ ጮኸበት፤ የዚህ ጥግ አለቃ እኔ ነኝ አለው።