ለዓመታት የቆመች ቮልስ ስታስነሱ

[ምስል፦ ግቢ ጥግ ላይ ሸራ የለበሰች ቮልስ፤ ጎማዎቿ ተኝተዋል]

ሰላም እንዴት ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የቆመበት ግቢ ማግኘት ከባድ አይደለም። አባት ይነዳታል፣ ከዚያ ትቆማለች። አንድ ቀን ልጆቹ "እስኪ እናስነሳት" ይላሉ። ባትሪ ከጎረቤት ይመጣል፣ ቤንዚን በሃይላንድ ይመጣል፣ ቁልፉ ይዞራል።

እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ትነሳለች። ቮልስ ናታ! የሚያስፈራው ከተነሳች በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ለጊዜው ቁልፉን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት።

[ምስል፦ የኋላ ወንበር ተነስቶ]

ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ሞላ ብረት ነው። ባትሪው ክዳን ከሌለው፣ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው የባትሪውን ጫፎች ሊነካና ወንበሩ ሊቀጣጠል ይችላል። ክዳን አድርጉለት። ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት ያሉት አብዛኞቹ 6 ቮልት ናቸውና ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት አምፖሉ ላይ የተጻፈውን እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቤንዚኑ። ሳልባትዮው (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ መኪናዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል ማለት ነው። መንገዱ ላይ የጎማ ቱቦዎች አሉ፤ ሳልባትዮው ሥር፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ፣ ሞተሩ ላይ። ለዓመታት የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል። የጨርቅ ልባስ ካለው ስንጥቁ አይታይም። ሞተሩ ላይ ያለው ካፈሰሰ ደግሞ የሚንጠባጠበው በጋለ ብረት ላይ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታውን ከሚያከፋፍለው ስፒንትሮጀኖ አጠገብ ነው። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው እንዲህ ነው። ሁሉንም ቀይሩ፤ "ይቺ ደህና ናት" ብላችሁ የምታልፏት እንዳትኖር።

[ምስል፦ በቅርብ፣ ጣት የካርቡሬተሩን የነሐስ ቱቦ ሲወዘውዝ]

ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን ትንሽ የነሐስ ቱቦ ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጓት። ከተንቀሳቀሰች አንድ ቀን መንገድ ላይ ወልቃ ትወጣለች፤ ፖምፓው ግን መግፋቱን አያቆምም። አስጠብቋት። የቤንዚን ፊልትሮም ሞተሩ ላይ አታንጠልጥሉ፣ ለማየት ቢመችም። ቦታው ከፊት፣ ሳልባትዮው ሥር ነው።

የቆየውን ቤንዚን አውጡና አዲስ ጨምሩ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ እሳት ከያዘው ውሃ ያብስበታል።

ቀጥሎ ሞተሩ። የካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ) ገመዶቹን ከመንቀላችሁ በፊት ቁጥር ለጥፉባቸው፤ አተኳኮሱ (ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ) 1-4-3-2 ነው። ካንዴላዎቹን ፈታችሁ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉና አሳድሩት። በነጋታው ማርሹን ፎሌ (ነጻ) አድርጋችሁ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ወደ ቀኝ አዙሩት። ሞተሩ አብሮ ከዞረ እሰየው። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ዘይት ጨምራችሁ ጥቂት ቀን ታገሱ።

ዘይቱንም ለውጡ። 2.5 ሊትር ነው የምትይዘው። የዘይት ፊልትሮ የላትም። ሥሯ ላይ በ6 ትንንሽ ዳዶዎች የታሰረ ሳህን አለ፣ ውስጡ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ካያችሁ እዚያው አቁሙና መካኒክ ጥሩ።

ካንዴላዎቹ ሳይገቡ፣ የቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው) ገመድ ተነቅሎ፣ የቤንዚኑ ቱቦም ተነቅሎ ጫፉ ታፍኖ፣ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) አዙሯት። 10 ሰከንድ አዙሩ፣ አሳርፏት፣ ድገሙ። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ዘይቱ ደርሷል።

ውሃ የላትም ብላችሁ ስለ ማቀዝቀዣዋ አትርሱ። አይጥ ከማራገቢያው ቆርቆሮ ሥር ጎጆ መሥራት ይወዳል። ጭራሮና ጨርቅ አየሩን ከዘጋ ሞተሩ ይቃጠላል፤ የሙቀት ጌጅም የላት የሚነግራችሁ። በባትሪ መብራት እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ ቆርቆሮው ይውረድ።

ፍሬን አጭር ነው፦ የጎማ ቱቦዎቹ ይቀየሩ፣ የፍሬን ዘይቱ ይታደስ፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሳይሆን መኪናዋ ከቦታዋ አትነቃነቅ። የድሮዎቹ አንድ መስመር ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል።

[ምስል፦ ቮልሷ ከጋራዥ ወጥታ ደጅ ላይ]

አሁን ቁልፉ ይውጣ። ሁሉን መልሳችሁ ግጠሙና ደጅ አውጧት። አንድ ሰው መሪው ጋ፣ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ሞተሩ ጋ። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቤንዚን ማንቆርቆር የሚወድ ዘመድ ካላችሁ ሻይ እንዲያፈላ ላኩት፤ ሞተሩ ወደ ላይ ከተኮሰ ፊቱ ነው የሚቃጠለው። ስትነሳ የዘይት መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ አጥፏት። ጭሱ አያስደንግጣችሁ፤ ያንጠባጠባችሁት ዘይት እየነደደ ነው። ወዲያው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እዩ፣ በእጃችሁም ዳስሱ።

መጀመሪያ ስትነዷት መስኮት ክፈቱ፣ ማሞቂያውን ዝጉ። የቮልስ ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ አሳልፎ ነው። ቆርቆሮው ከበሰበሰ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። በነጋታው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ ቫልቮቹን 0.15 ሚሊሜትር ላይ አስተካክሉ።