የጠመኔው ሂሳብ

እሺ… ዛሬ የመክፈቻ ሙዚቃውን ዘልዬዋለሁ። ከደሴ ከተመለስኩ አራት ቀኔ ነው፣ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ፣ የሱቃቸውን በር በጠመኔ የዱቤ ሂሳብ የሚሞሉትን። የአንዷ ደንበኛ ዱቤ 500 ብር ይላል። ወንድሜ ለልጇ የ200 ብር ዕቃ ሰጠ፣ እኔ ለሷ የ100። ሁለታችንም 500ን አይተን ድምሩን በሆዳችን ይዘናል። እሱ አጥፍቶ 700 ጻፈ። እኔ ሽንኩርቱን መዝኜ መጣሁና፣ በሩን ደግሜ ሳላይ፣ አጥፍቼ 600 ጻፍኩ። 800 መሆን ነበረበት።

እትዬ አልተቆጡም። በረካው እስኪቀዳ ዝም አሉ። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ «የምማረው እኮ ይሄንኑ ነው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትርጉሙ ምን እንደሆነ» ብዬ ጀመርኩ። ስኮትና ስትራቼይ የሚባሉ ተመራማሪዎች ኦክስፎርድ ላይ የፕሮግራምን ትርጉም ፈንክሽን አደረጉት፤ ይህ ሲገባ ያ ይወጣል። ብቻውን ለሚሠራ ፕሮግራም ይበቃል። «300 ደምር» እና «100 ደምር፣ ቀጥለህ 200 ደምር» አንድ ናቸው። መሃላቸው ሌላ እጅ ገብቶ በሩን ሲያጠፋው ግን አንድ አይደሉም! ይሄ እኔን እስካሁን ያስደንቀኛል። ሌላው ተመራማሪ ፕሎትኪን በፈረንጆቹ 1976 ፓወርዶሜይን የሚባለውን አመጣ፤ ትርጉሙ አንድ ውጤት ሳይሆን ሊሆኑ የሚችሉት ሁሉ ስብስብ ሆነ።

«የናንተስ ሥራ ትርጉሙ ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«600፣ 700፣ 800። ሦስቱም።»

ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። ቀስ ብለው። «ሁሉም ከሆነማ፣ ልጄ፣ አላውቅም ማለትህ አይደል?»

አይደለም አልኩ፣ ቶሎ ብዬ። 900 አይገባም፣ 500ም አይገባም፣ ያንን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው… ግን እሳቸው የጠየቁኝ ስለ 200 ብራቸው ነበር። ቅር አለኝ። እጣኑ እየጨሰ፣ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ፣ እኔ ስለ ስብስብ አወራለሁ።

ደግሞ ስብስቡም ሁሉን አይናገርም። ሻይ ወይ ቡና የሚሰጥ ማሽን አስቡ። ብር ከከተታችሁ በኋላ እናንተ ከመረጣችሁ አንድ ነገር ነው፤ ብሩ ሲገባ ማሽኑ ራሱ ከወሰነላችሁ ሌላ። የሚታየው ቅደም ተከተል ያው ነው፣ ብር፣ ሻይ፤ ብር፣ ቡና። ሚልነር የሚባል ተመራማሪ ኤድንብራ ላይ በፈረንጆቹ 1980 ባወጣው ሲሲኤስ፣ አብረው እየተነጋገሩ የሚሠሩ ሥራዎችን በሚገልጽ የሂሳብ ቋንቋ፣ ሁለቱን ለያቸው። ይሄን ብነግራቸው ኖሮ… እንጃ። ምናልባት ያው ይሉኝ ነበር።

ማታ በሩን ስዘጋ አየሁት። 600ውን አጥፍተውታል። 500 ብለው፣ ከሥሩ 100 እና 200ን ጎን ለጎን ጽፈዋል፣ ሳይደምሩ። የቱ እንደቀደመ አይታይም። ጀርመናዊው ፔትሪ በፈረንጆቹ 1962 በዶክትሬት ጽሑፉ የጀመረው መንገድም እኮ፣ ያልተነካኩ ድርጊቶችን ማን ቀደመ ብሎ አያሰልፍም… እትዬ ያንን ነው ያደረጉት ልል አልደፍርም። ጠመኔው ግን…