ፕሮግራሙና ማኑዋሉ፦ ቴክኢንፎ እንዴት ተፈጠረ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን ዋና ጉዳይ የሶፍትዌር ማኑዋል፣ ማለትም የፕሮግራም አጠቃቀም መመሪያ ነው። ርእሱ ሲመረጥ «ይህ ቀኑን ሙሉ ያነጋግራል ወይ?» ያሉ አባላት ነበሩ። እኔ ያነጋግራል ባይ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ማኑዋል የሚዘጋጅበት አንድ አንጋፋ መሣሪያ ከየት እንደመጣ ላውጋችሁ። ስሙ ቴክኢንፎ ይባላል። ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ፣ ወይም ጂሲሲና ሜክ የተባሉትን የፕሮግራመር መሣሪያዎች ማኑዋል ያነበበ ሁሉ የዚህን መሣሪያ ሥራ አይቷል።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነው። ብራያን ሪድ እዚያ ስክራይብ የተባለ የሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠራ። በዚያ ዘመን ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው «እዚህ መስመር ዝለል፣ ይህን ቃል አድምቅ» እያለ እያንዳንዱን ነገር ራሱ ማዘዝ ነበረበት። ስክራይብ ግን ጸሐፊው ይህ ምዕራፍ ነው፣ ይህ ጥቅስ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው ብሎ እንዲናገር ብቻ ይፈልጋል፤ መልኩን የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። ትእዛዞቹም በ@ ምልክት ይጀምሩ ነበር።

ሐሳቡ ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ዩኒሎጂክ ለሚባል ኩባንያ ተሸጠ፤ ያለ ክፍያ የተቀዳ ቅጂ ከ90 ቀን በኋላ ሥራ እንዲያቆም የሚያደርግ ኮድም ገባበት። በኤም.አይ.ቲ. የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ ይሠራ ለነበረው ለሪቻርድ ስቶልማን ይህ የእግር እሳት ሆነበት። እሱ ያደገበት ላብራቶሪ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እያረመ የሚሠራበት ቤት ነበር። ቁጣው ዛሬም ይገባኛል።

ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ደግሞ ከስክራይብ ብዙም የማይርቅ ቦሊዮ የሚባል አጻጻፍ ነበር። ዶናልድ ክኑት ስታንፎርድ ላይ የሠራው ቴክ የተባለው የኅትመት ፕሮግራም ሲመጣ፣ ቦሊዮ ከእሱ ጋር እንዲሠራ ተደርጎ ቦቴክ ተባለ። ከሚታወቁት የቦቴክ እትሞች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1984 የወጣው ነው። ስቶልማን በሁለቱም ላይ ሠርቷል። ቦቴክ ግን የሚያገለግለው ለወረቀት ብቻ ነበር።

ስክሪን ላይ ለሚያነብ ሰው ስቶልማን ኢንፎ የሚባል ሌላ ዘዴ ነበረው። ሰነዱ ኖድ በሚባሉ አጫጭር ክፍሎች ይከፈላል፤ ኖዶቹም እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። አንባቢው የኤን ቁልፍ ሲጫን ወደሚቀጥለው፣ ፒ ሲጫን ወደ ቀደመው፣ ዩ ሲጫን ወደ በላዩ ክፍል ይሄዳል። ይህ ሁሉ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር ነው።

ስቶልማን ነፃ፣ ማለትም ማንም ሊቀዳውና ሊያሻሽለው የሚችል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት ያነሳው የግኑ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 ታውጆ፣ በጃንዋሪ 1984 ሥራው ተጀመረ። ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለ ማኑዋል ለማንም አይጠቅምም። አንድ ማኑዋል ለወረቀት፣ ሌላ ማኑዋል ለስክሪን እየጻፉ መዝለቅ ደግሞ አይቻልም፤ አንዱ ሲታደስ ሌላው ማርጀቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ ስቶልማን ቦቴክንና ኢንፎን አዋሐዳቸው። አንድ ጊዜ የተጻፈ ሰነድ ከአንድ ፋይል ለሁለቱም እንዲወጣ አደረገ። ቴክኢንፎ የተወለደው እንዲህ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ማኑዋል ስንጽፍ «እዚህ ጋ የራስህን ፋይል ስም አስገባ» የምንልበት ቦታ አለ። በቴክኢንፎ ጸሐፊው ይህ ቃል በሌላ የሚተካ መሆኑን በ@ ምልክት በሚጀምር አጭር ትእዛዝ ይናገራል፤ ሌላ ምንም አይጨምርም። ያ ቃል በታተመው መጽሐፍ ላይ ዘመም ብሎ ይወጣል። ዘማማ ፊደል በማያውቀው የኢንፎ ስክሪን ላይ ግን በትልልቁ የላቲን ፊደል ይታያል። ጸሐፊው የተናገረው ስለ ቃሉ ምንነት እንጂ ስለ መልኩ ስላልሆነ፣ ድረ ገጽና ፒዲኤፍ ሲመጡም ያው አጻጻፍ እንዳለ አገለገለ። በእኔ እምነት የመሣሪያው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ሥራው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የቴክኢንፎን ፋይል ወደ ኢንፎ የሚቀይረውን የመጀመሪያውን ፕሮግራም፣ ማለትም መቀየሪያውን፣ ስቶልማንና ሮበርት ቻሰል የኢማክስ የፕሮግራም ቋንቋ በሆነው በኢማክስ ሊስፕ ጻፉት። ቻሰል ለነፃ ሶፍትዌር የቆመው ድርጅት የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን መሥራች ዳይሬክተርና ገንዘብ ያዥ የነበረ ሲሆን፣ የቴክኢንፎን የራሱን ማኑዋል በሰፊው አሻሽሎ ያሳደገው እሱ ነው። ፕሮግራመር ላልሆኑ ሰዎችም የኢማክስ ሊስፕ መማሪያ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 አርፏል። የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ ጊዜውን ማኑዋል በመጻፍ ማሳለፉን እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ ለእነዚያ ሰዎች ማኑዋል ለጀማሪ የሚጣል ሥራ አልነበረም። ቀጥሎ ባሽ የተባለው የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ደራሲ ብራያን ፎክስ መቀየሪያውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። ከዚያ ካርል ቤሪ ተረክቦ አቆየው። በ2013 የወጣው የቴክኢንፎ 5.0 እትም ደግሞ ፐርል በተባለ ቋንቋ የተጻፈ መቀየሪያ ይዞ መጣ። መቀየሪያው ስንት ጊዜ ቢለዋወጥም የጸሐፊዎቹ ፋይሎች አልተጣሉም።

ማኑዋሉም እንደ ፕሮግራሙ ነፃ መሆን ነበረበት። ፕሮግራሙን ያሻሻለ ሰው ማኑዋሉን ማስተካከል ካልተፈቀደለት፣ ተጠቃሚው የሚያነበው የተሳሳተ ነገር ይሆናል። ግኑ ለማኑዋሎች የተለየ የፈቃድ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ለዚሁ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ኢማክስ ውስጥ የብዙ ቋንቋዎችን ሰላምታ የሰበሰበ ፋይል አለ፤ በአማርኛ መስመሩ «ሠላም» የሚል ይገኝበታል። ፊደላችን እዚያ ከገባ ቆይቷል። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለውን፣ ማለትም ተጠቃሚው በአማርኛ አንብቦ የሚሠራበትን ማኑዋል መጻፍ የኛ ድርሻ ነው።

በዚህ መሠረት ሥራ አመራር ኮሚቴው ሁለት ሐሳብ ለጉባኤው ያቀርባል። አንደኛ፣ በማኅበራችን ስም የሚወጣ ማንኛውም ፕሮግራም የአማርኛ ማኑዋል ሳይኖረው እንዳለቀ አይቆጠር። ሁለተኛ፣ ማኑዋል የጻፈ አባል ስሙ ከፕሮግራመሩ እኩል ይመዝገብ። በሁለቱም ላይ ከሰዓት በኋላ በነፃነት ተወያይታችሁ ድምፅ ትሰጣላችሁ፤ የሚቃወም ካለም ምክንያቱን በደስታ እንሰማለን።

ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።