ለአዲስ አስጎብኚዎች፦ ትንሽ አሳዩ

ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

ሥራ ለሚጀምሩ አስጎብኚዎች ምክር ስጥ ተብዬ ነው የመጣሁት። ምክር እንኳ ብዙ የለኝም። ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱንም የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

የመጀመሪያ ቡድኔን ይዤ የወጣሁ ዕለት በአንድ ቀን ሁለት ጋለሪ፣ አንድ ሙዚየም፣ አንድ ፓርክና አንድ መካነ አራዊት አሳየሁ። አሳየሁ ስል ሮጥኩ ማለቴ ነው። ሰዓቴን እያየሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ "በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል" እያልኩ ሰው ስነዳ ዋልኩ። ማታ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ "እሺ፣ ከሁሉም የቱን ወደዳችሁት?" ብዬ ጠየቅኩ። ጭጭ። ከዚያ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን እያሹ፣ "ልጄ፣ የሙዚየሙን ደረጃ መቼም አልረሳውም" አሉኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ የምላችሁ ይቺው ናት፤ ትንሽ አሳዩ።

የሰውዬው እግር ብቻውን አልነበረም የደከመው። በ1916 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ) ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የሚባል የቦስተን ሙዚየም ባልደረባ ስለ "ሙዚየም ድካም" ጻፈ። አንድ ሰው የማሳያ ሳጥኖች ፊት ሲጎነበስ፣ ቁጢጥ ሲል፣ አንገቱን ሲያጣምም ፎቶ አነሳው። ፎቶዎቹን ላየ ሰውዬው ሥነ ጥበብ የሚያይ ሳይሆን መሬት ላይ ሳንቲም የጠፋበት ነው የሚመስለው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጎብኚ የሚሰለቸው ፍላጎት አጥቶ ላይሆን ይችላል። ወገቡ ነው።

ጋለሪ ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልጉት ነገር ታዋቂው ሥዕል አይደለም። አግዳሚ ወንበር ነው። ወንበሩ ያለበትን ክፍል ቀድማችሁ ሄዳችሁ እወቁ፣ ቡድናችሁን እዚያ አስቀምጡ፣ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ የምታውቁት ነገር ምላሳችሁ ላይ ቆሞ እንውጣ እንውጣ ይላል። ያዙት። ሰው ገና ዓይኑ ሳያርፍ ዓመተ ምሕረት ከጀመራችሁለት ሥዕሉን ትቶ እናንተን ነው የሚያየው። ግድግዳው ላይ ያለችው ማብራሪያም እንደዚያው ናት። ሰው ማብራሪያውን ሙሉ ደቂቃ ያነባል፣ ሥዕሉን ቀና ብሎ አየት ያደርጋል፣ ያልፋል። እኔ "መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ማብራሪያውን በኋላ" እላለሁ። "ምን ይታያችኋል?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። አንዱ "ሴትየዋ የተናደደች ትመስላለች" ይላል፣ ሌላዋ "ኧረ ፈርታ ነው" ትላለች፣ በቃ፣ ሥራችሁን እነሱ ሠሩላችሁ ማለት ነው።

ታዋቂውን ሳናይማ አንሄድም የሚሉም አሉ፤ እሱም ትክክል ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የገባ ሁሉ ሞና ሊዛን ይፈልጋል። ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሳንቲሜትር ናት፣ ከመስታወት ጀርባ፣ ከሕዝብ ጭንቅላት ባሻገር። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ቬሮኔዝ የሣለው የቃና ዘገሊላ ሰርግ ተሰቅሏል፤ ስፋቱ ወደ 10 ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ ሕዝብ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ጀርባውን የሚሰጠው ለዚህ ሥዕል ነው! እዚያ ክፍል ውስጥ የአስጎብኚ ሙያ ማለት "ዙሩ" ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሞና ሊዛ በ1911 ተሰርቃ ነበር። እዚያው ሠርቶ የሚያውቅ ጣሊያናዊ ነው የወሰዳት፤ ከሁለት ዓመት በላይ ጠፍታ ቆየች። በዚያ ጊዜ ሰው ተሰልፎ ሥዕሏ የነበረችበትን ባዶ ግድግዳ ሊያይ ይመጣ ነበር። ባዶ ግድግዳ። ቀደም ሲል ሥዕሏን ሳያዩ ያለፉ ስንቶቹ ይሆኑ እላለሁ።

ትንሽ ማሳየት ያዋጣል ወይ የሚለኝ ሲመጣ የማነሳው የለንደኑን ናሽናል ጋለሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ሲፈራ ሥዕሎቹ በሙሉ ከከተማው ወጥተው ዌልስ ውስጥ አንድ የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ውስጥ ተደበቁ። ሕንፃው ባዶውን ቀረ። ከ1942 ጀምሮ ግን በወር አንድ ሥዕል እየተመረጠ ወደ ለንደን ይመለስ ጀመር። አንድ ብቻ። ሰው ደግሞ ያንን አንድ ሥዕል ሊያይ በጦርነት መሀል፣ በፈረሰ ከተማ ውስጥ አልፎ ይመጣ ነበር። ዛሬ እዚያው ከሁለት ሺህ በላይ ሥዕል አለ፤ እኛም ሰውን ሁሉንም በአንድ ከሰዓት እናስጨርሳለን።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ስለምጠየቅ። "ይሄ ክፍል ለምን ጨለመ? መብራት ቆጥበው ነው?" ይላሉ። አይደለም። በወረቀት ላይ የተሠራ ሥዕልና ጨርቅ ብርሃን ይበላዋል፣ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይደምቅም። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ዝቅ ያደርጉታል። ዓይን እስኪለምደው ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ በር ላይ አቁማችሁ ጠብቁ።

ፓርክ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ፓርክ ውስጥ አስጎብኚ ባያወራ ነው የሚሻለው። አንድ ነገር ብቻ፤ ሰው ፓርክን "ተፈጥሮ" ይለዋል፣ የከተማ ፓርክ ግን እንደ ሕንፃ የተሠራ ነገር ነው። የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ 341 ሄክታር ነው፣ ኦልምስቴድና ቮክስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1858 ውድድር አሸንፈው ነው ዕቅዱን ያወጡት፣ ሐይቆቹም በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። ፓርኩን አቋርጠው የሚያልፉትን መንገዶች ዝቅ አድርገው ስለቀበሯቸው ሣሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋሪውንም፣ በኋላ የመጣውን መኪናም አያይም። ጎበዞች ናቸው። ግን ቦታው ባዶ አልነበረም። ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ጥቁሮች የሆኑበት መንደር ነበረበት፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ያለው፤ በ1857 ነዋሪዎቹ ከቦታው እንዲነሱ ተደረገ። ይህንን ስትነግሯቸው ሰዎቹ ሣሩን በሌላ ዓይን ያዩታል። ከዚያ ተዋቸው፣ ይጋደሙ።

አሁን ወደ መካነ አራዊት፤ ከሁሉም የሚከብደው እዚህ ነው።

ዛሬም ክፍት ከሆኑት ሁሉ የቆየው የቪየናው ሾንብሩን ነው፣ 1752። ያኔ የቤተ መንግሥት ነበር። የለንደኑ በ1828 ሲከፈት ላቋቋመው የሳይንስ ማኅበር ሰዎችና ለእንግዶቻቸው ነበር፣ ሕዝቡ በሙሉ የተፈቀደለት በ1847 ነው። ከዚያ ካርል ሀገንቤክ የሚባል ጀርመናዊ የእንስሳት ነጋዴ በ1907 ሃምቡርግ ላይ የብረት ፍርግርጉን አንስቶ በምትኩ ቦይ ቆፈረ፤ ከሩቅ ሲታይ በእናንተና በአንበሳው መካከል ምንም የሌለ ይመስላል። ዛሬ በየከተማው የምታዩት አሠራር ከእሱ የመጣ ነው። ይኸው ሰውዬ ግን ከሩቅ አገር ሰዎችን አምጥቶ እንደ እንስሳ ለትርኢት ያቀርብ ነበር። የመጀመሪያውን ስትናገሩ ሁለተኛውን አትዝለሉ። ጎብኚ እውነት ሲነገረው ያምናችኋል።

"ደስተኛ ነው?" ብለው ይጠይቋችኋል፣ በተለይ ልጆች። አትዋሹ። አንድ እንስሳ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ መዞሪያ ሳያቋርጥ ሲመላለስ ካያችሁ "ስፖርት እየሠራ ነው" አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ የጭንቀት ወይም የመሰልቸት ምልክት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የዓረብ ኦሪክስ አለ፣ ነጭ የሳላ ዘር። በ1972 በዱር የቀረው የመጨረሻው ጠፋ። በመካነ አራዊት ተጠብቀው የነበሩት ስለተዋለዱና ስለበዙ በ1982 ኦማን በረሃ ላይ እንደገና ተለቀቁ። ሁለቱንም ንገሯቸው፣ ፍርዱን ለእነሱ ተዉት።

ሰዓትም ምረጡ። እኩለ ቀን ላይ አንበሳ ለማየት መሄድ ተኝቶ የሚውል ዘመድ ለመጠየቅ መሄድ ነው፤ አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊያርፍ ይችላል። በጠዋቱ ሂዱ፣ ወይም ወደ ማምሻው።

እና ጠብቁ። አንድ ጊዜ የነብር ማቆያ ፊት ነበርን። ሰው ይመጣል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ አየት ያደርጋል፣ "ባዶ ነው" ብሎ ይሄዳል። አንዱም አሥር ሰከንድ አልቆመም። እኛ ተቀመጥን። አምስት ደቂቃ፣ ምንም። ሰባት ደቂቃ፣ ምንም። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ፣ እኔም ባይኖርስ ብዬ ላብ ላብ አለኝ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጅጌዬን ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ "ያ ቅርንጫፍ ጆሮ አለው" አለችኝ። አየን። ዝንብ ባረፈበት ቁጥር ንቅንቅ የሚል አንድ ጆሮ። ከጆሮው ወረድ ስንል ትከሻ፣ ከትከሻው አለፍ ስንል የተንጠለጠለ ጅራት፣ ጫፉ ብቻ ቀስ እያለ የሚታጠፍ። ለካ ሁሌም ፊት ለፊታችን ነበር፤ ነጠብጣቡ ከቅጠሉ ጥላ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሸወደን። የዚያን ቀን ለዝሆኑ ጊዜ አልተረፈንም። ማንም አልጠየቀኝም።

እሺ፣ ወሬው በቃ። አሁን ከዚህ ወጥታችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ አንድ ጋለሪ ግቡ። አንድ ክፍል ምረጡ፣ አንድ ሥዕል፣ ሃያ ደቂቃ። ስልክ ኪስ ውስጥ። ማብራሪያውን የሚያነብ ሰው እንዳላይ። ነገ ጠዋት እዚሁ እንገናኝና ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ፤ ወንበር ያላገኘ ደግሞ ወንበር ያለበት ክፍል የት እንዳለ ጠይቆ ይምጣ።